ሁለት ራውተሮችን በማገናኘት የቤትን ገመድ አልባ መረብ ማስፋት፦ ፊዚክሱና አሠራሩ

በብዙ ከተማ ነዋሪ ቤተሰቦች ግቢ የኢንተርኔት መስመር የሚገባው በዋናው ቤት ሳሎን በኩል ነው። ራውተሩም ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጦ ሳሎኑንና አጠገቡ ያሉትን መኝታ ክፍሎች በሚገባ ያዳርሳል። ተማሪው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያጠናው ጸጥታ ባለበት፣ ከግቢው ጀርባ በሚገኘው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ ሲግናሉ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል፤ የትምህርት ቪዲዮው በየደቂቃው ይቆማል፤ የምዝገባ ቅጹ ከግማሽ ሲደርስ ይቋረጣል።

ለዚህ ችግር የተለመደው መፍትሔ ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ ከነባሩ ጋር ማገናኘት ነው። መፍትሔው ትክክለኛ ቢሆንም አንድ ወጥመድ አለበት። ሁለተኛው ራውተር ያለቦታው ከተቀመጠ፣ በስልካችን ላይ የሚታየው የሲግናል ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ ኢንተርኔቱ ከቀድሞው የባሰ ዘገምተኛ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ለምን እንደሚሆን በቀላል ስሌት እናሳያለን፤ ቀጥለንም ትክክለኛውን አሠራር በቅደም ተከተል እናቀርባለን። የምንደርስበትን ፍሬ ነገር ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ የሁለተኛውን ራውተር ጥቅም የሚወስነው የራሱ ብርታት ሳይሆን ከነባሩ ራውተር ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው።

ሲግናሉ በጉዞው ላይ የሚያጋጥመው

ዋይፋይ የራዲዮ ሞገድ ነው። በባሕርዩ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪክ ኸርዝ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በቤተ ሙከራው ካመነጨው የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ አይለይም። የቤት ውስጥ ራውተሮች በአብዛኛው የሚጠቀሙት በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ድግግሞሽ ነው። የብርሃንን ፍጥነት ለድግግሞሹ ስናካፍል የሞገዱን ርዝመት እናገኛለን። ስለዚህ 300,000,000 ሜትር በሰከንድ ለ2,400,000,000 ኸርዝ ሲካፈል 0.125 ሜትር፣ ማለትም 12.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ 6 ሳንቲ ሜትር ነው።

ከአንቴናው የወጣው ኃይል እየሰፋ በሚሄድ ሉል ገጽ ላይ ይሰራጫል። የሉል ስፋት ከሬዲየሱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰን ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይቀንሳል። ይህ የተገላቢጦሽ ካሬ ሕግ በመባል የሚታወቀው ነው።

እንዲህ ያለውን በብዙ እጥፍ የሚቀንስ መጠን በተራ ቁጥር መከታተል አድካሚ ስለሆነ መሐንዲሶች ዴሲቤል የተባለውን የሎጋሪዝም መለኪያ ይጠቀማሉ። ኃይል በ10 እጥፍ ሲቀንስ 10 ዴሲቤል ቀነሰ ይባላል፤ በ100 እጥፍ ሲቀንስ 20 ዴሲቤል፤ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ 3 ዴሲቤል ገደማ። የዴሲቤል ትልቁ ጥቅም ማባዛትን ወደ መደመር መለወጡ ነው። ኃይሉን ከ1 ሚሊዋት ጋር አነጻጽረን ስንለካ መለኪያው ዲቢኤም ይባላል። በዚህ አቆጣጠር 1 ሚሊዋት 0 ዲቢኤም ሲሆን፣ 100 ሚሊዋት 20 ዲቢኤም ነው።

በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ሲግናል በመጀመሪያው 1 ሜትር ብቻ 40 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ፣ መንገዱ ባዶ ከሆነ፣ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጨመርበታል። በ5 ጊጋኸርዝ ግን በዚያው ርቀት ላይ ተጨማሪ 6 ዴሲቤል ገደማ እናጣለን።

የግቢ ቤት ግን ባዶ መንገድ አይደለም። የብሎኬት ግድግዳ የሲግናሉን ከፊል ይውጣል፣ ከፊሉንም መልሶ ያንጸባርቃል። ውኃ የራዲዮ ሞገድን ስለሚውጥ፣ በክረምት እርጥበት ያዘለ የጭቃ ግድግዳ ከደረቁ ይልቅ ይከለክላል፤ ውኃ የሞላ ማጠራቀሚያ በርሜልም እንዲሁ። ከሁሉም የሚከፋው ብረታ ብረት ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ የላሜራ በር፣ ማቀዝቀዣና ትልቅ መስታወት ሞገዱን እንደ ብርሃን መልሰው ያንጸባርቁታል።

የአንድ ግቢ ስሌት

እስቲ አንድ ግቢ እንውሰድ። ነባሩ ራውተር በሳሎን ይገኛል፤ የተማሪው ክፍል ከእርሱ 25 ሜትር ይርቃል፤ በመካከላቸውም 3 ግድግዳዎች አሉ። ራውተሩ በ100 ሚሊዋት ያሰራጫል፣ እያንዳንዱ ግድግዳም 10 ዴሲቤል ይቀንሳል ብለን እንነሣ።

የሚሰራጨው ኃይል፦ 20 ዲቢኤም
በ25 ሜትር ርቀት የሚጠፋው፦ 68 ዴሲቤል
በ3 ግድግዳዎች የሚጠፋው፦ 30 ዴሲቤል
በተማሪው ክፍል የሚደርሰው፦ 20 − 68 − 30 = −78 ዲቢኤም

ይህ ማለት ራውተሩ ካሰራጨው ኃይል ለስልኩ የሚደርሰው ከ6 ቢሊዮን አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ዘመናዊ መሣሪያ ይህን ኢምንት ኃይል መስማት መቻሉ በራሱ የሚያስደንቅ ነው። ሆኖም ሲግናሉ በደከመ መጠን መሣሪያዎቹ መልእክቱ እንዳይበላሽ ሲሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የዋይፋይ መስፈርት ለዚህ ግልጽ ሰንጠረዥ አለው። አንድ ተቀባይ በሰከንድ 54 ሜጋ ቢት ለመቀበል ቢያንስ −65 ዲቢኤም እንዲደርሰው፣ 12 ሜጋ ቢት ለመቀበል ግን −79 ዲቢኤም እንዲበቃው ይጠይቃል። አሁን ያሉት መሣሪያዎች ከዚህ እጅግ የፈጠኑ ቢሆኑም ሕጉ አንድ ነው። ቁጥሮቹ ለስሌት ስለሚቀሉ ይህንኑ መስፈርት እንጠቀማለን። በዚህ መሠረት ተማሪያችን የሚያገኘው የአየር ላይ ፍጥነት 12 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። ለገጽ መክፈቻ፣ ለማረጋገጫና ለተራ መጠበቂያ የሚባክነው ሲቀነስ በእጁ የሚገባው ከዚህም ያንሳል።

የራውተሩን ኃይል ብናሳድገውስ? አንባቢያን ይህን ጥያቄ ማንሣታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ኃይሉን በእጥፍ ስናሳድግ የምናተርፈው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ አንዱ ግድግዳ ብቻውን 10 ዴሲቤል ይወስዳል። ከዚህም በላይ ግንኙነቱ የሁለት ወገን ነው። ስልኩም መልስ መስጠት አለበት፤ የስልኩ ማሰራጫ ደግሞ ከራውተሩ የደከመ ነው። ራውተሩ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ስልኩ ይሰማዋል፤ ራውተሩ ግን ስልኩን አይሰማውም። የማሰራጫ ኃይል በየአገሩ በደንብ የተወሰነ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

አየሩ የጋራ ነው

ሁለተኛውን ራውተር ወደ ስሌታችን ከማስገባታችን በፊት አንድ መሠረታዊ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ቻናል ላይ፣ እርስ በርስ በሚሰማሙ መሣሪያዎች መካከል፣ በአንድ ጊዜ አንድ ተናጋሪ ብቻ ሊኖር ይገባል።

ይህ ችግር ከዋይፋይ በፊት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ተጠቃሚዎችን በራዲዮ ከኮምፒዩተር ጋር ያገናኘ አሎሃኔት የተባለ መረብ ሥራ ላይ አዋሉ። በዚያ መረብ ማንኛውም ጣቢያ መልእክት ሲኖረው ወዲያው ይልክ ነበር። የሁለት ጣቢያዎች መልእክት ከተጋጨ ሁለቱም ይበላሹና እንደገና ይላካሉ። በሒሳብ ሲሰላ በዚህ ዓይነት አሠራር ከመስመሩ አቅም ለጠቃሚ ሥራ የሚውለው ቢበዛ 18 በመቶ ገደማ ነው። ዋይፋይ ከዚህ ተምሮ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ አየሩ ነጻ ካልሆነ ይጠብቃል። የዕድር ስብሰባን ማሰብ ይቻላል። ሁሉም ሰው የመናገር መብት አለው፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢናገር ማንም አይሰማም።

አሁን በዚህ ስብሰባ መካከል አስተርጓሚ እናቁም። ተናጋሪው አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገርና ዝም ይላል፤ አስተርጓሚው ደግሞ ያንኑ ይደግማል። አድማጩ የሰማው አንድ ጊዜ ነው፤ የጠፋው ጊዜ ግን የሁለት ንግግር ነው። በተለምዶ ሪፒተር የሚባለው ደጋሚ ራውተር ሥራም ይኸው ነው። በአየር የተቀበለውን እያንዳንዱን መልእክት በዚያው ቻናል እንደገና ይልከዋል። ስለዚህ ሁለቱም መንገዶች እኩል ፍጥነት ካላቸው የመጨረሻው ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። አስተርጓሚው ራሱ ከተናጋሪው ርቆ ከቆመና በደንብ ካልሰማ ደግሞ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢጎላ አድማጩን አይጠቅመውም።

አራት ምርጫዎች፣ አራት ውጤቶች

ወደ ግቢያችን እንመለስና ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እንመዝን።

አንደኛ፣ ሁለተኛ ራውተር የለም። ከላይ እንዳየነው በተማሪው ክፍል −78 ዲቢኤም ይደርሳል፤ ፍጥነቱም 12 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው።

ሁለተኛ፣ ደጋሚው ራውተር በተማሪው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህን ነው፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነውና። ደጋሚው ከስልኩ 4 ሜትር ቢርቅ ለስልኩ የሚደርሰው 20 − 52 = −32 ዲቢኤም ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ነው። ነገር ግን ደጋሚው ራሱ ከነባሩ ራውተር የሚሰማው ያንኑ −78 ዲቢኤም ነው። አንድ ሜጋ ቢት የመጀመሪያውን መንገድ ለመጓዝ 1/12 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን ለመጓዝ 1/54 ሰከንድ ይፈጃል። ሁለቱን ስንደምር 0.102 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ይህም ከ10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ያንሳል። እንግዲህ ገንዘብ ወጥቶ፣ ምልክቱም ሙሉ ሆኖ፣ ፍጥነቱ ከ12 ወደ 10 ወረደ ማለት ነው። ስልኩ የሚያሳየን ምልክት ከስልኩ እስከ ቅርቡ ራውተር ያለውን መንገድ እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይናገርም።

ሦስተኛ፣ ደጋሚው ራውተር በመካከል ይቀመጣል። ከነባሩ 12 ሜትር ርቆ፣ በመካከላቸው 1 ግድግዳ ብቻ እንዲኖር በዋናው ቤት የጓሮ መስኮት አጠገብ እናስቀምጠው። ለደጋሚው የሚደርሰው −52 ዲቢኤም ገደማ ነው። ከእርሱ እስከ ተማሪው ክፍል 13 ሜትርና 2 ግድግዳዎች ስላሉ ለስልኩ −62 ዲቢኤም ገደማ ይደርሳል። ሁለቱም መንገዶች 54 ሜጋ ቢት ይሸከማሉ፤ በመደገሙ ምክንያት ግማሹ ማለትም 27 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይተርፋል። በዚህ ጊዜ በስልኩ ላይ የሚታየው ምልክት ከሁለተኛው ምርጫ ያነሰ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

አራተኛ፣ ሁለተኛው ራውተር በተማሪው ክፍል ተቀምጦ ከነባሩ ጋር በገመድ ይገናኛል። ገመዱ የግድግዳ ብዛት አያስጨንቀውም፤ የአየሩንም ጊዜ አይሻማም። ስልኩ −32 ዲቢኤም ያገኛል፣ ፍጥነቱም ሙሉው 54 ሜጋ ቢት ነው። ከመጀመሪያው ሁኔታ ጋር ሲነጻጸር ለስልኩ የሚደርሰው ኃይል በ46 ዴሲቤል፣ ማለትም በ40 ሺህ እጥፍ ገደማ አድጓል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ገመድ መዘርጋት የሚቻል ከሆነ ተመራጩ እርሱ መሆኑን ነው። ካልተቻለ ደጋሚውን ችግሩ ባለበት ሳይሆን ሲግናሉ ገና ሳይደክም በሚገኝበት መካከለኛ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ በአንድ ጊዜ የሚሠራ ደጋሚ ከተገኘ፣ በአንዱ ከነባሩ እየተቀበለ በሌላው ለስልኩ ስለሚልክ ከግማሽ መቀነሱ ሊድን ይችላል። ሜሽ እየተባሉ የሚሸጡት መሣሪያዎች ብዙዎቹ በዚህ ዘዴ ይጠቀማሉ። ያም ሆኖ ለእነርሱም የቦታ ሕግ አንድ ነው።

በገመድ የማገናኘት ቅደም ተከተል

ለዚህ ሥራ አሮጌ ራውተር እንኳ ይበቃል። የሚያስፈልገው ሁለት ጥንድ ሶኬት ያለው ኮምፒዩተር ሳይሆን አንድ ተራ ኮምፒዩተርና በቂ ርዝመት ያለው የኔትዎርክ ገመድ ብቻ ነው። ገመዱ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ማለትም 4 ጥንዶች አሉት። እያንዳንዱ ጥንድ እርስ በርሱ የተጠማዘዘው በምክንያት ነው። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ በሁለቱ ሽቦዎች ላይ በእኩል መጠን ስለሚያርፍና ተቀባዩ የሚያነበው ልዩነታቸውን ስለሆነ ረብሻው ይጣፋል። የዚህ ገመድ የተለመደ የርዝመት ወሰን 100 ሜትር በመሆኑ ለአብዛኛው ግቢ ከበቂ በላይ ነው።

1. ሁለተኛውን ራውተር ከነባሩ ጋር ከማገናኘታችን በፊት ብቻውን ከኮምፒዩተሩ ጋር በገመድ እናገናኘውና የማስተካከያ ገጹን እንከፍታለን።

2. አድራሻውን እንለውጣለን። ብዙ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘው ነው። ነባሩ 192.168.1.1 ከሆነ ሁለተኛውን 192.168.1.2 ብንለው ይሆናል። አዲሱ አድራሻ ነባሩ ራውተር ለሌሎች መሣሪያዎች ከሚያድላቸው አድራሻዎች ውጭ መሆን አለበት።

3. በሁለተኛው ራውተር ላይ ዲኤችሲፒ የተባለውን አድራሻ የማደል አገልግሎት እንዘጋለን። በአንድ ቤት ሁለት አዳዮች ከኖሩ የተጋጩ አድራሻዎች ይሰጣሉ፤ ችግሩም ሰርቪስ ቤቱ ጋ ሳይወሰን የሳሎኑን ጭምር ኢንተርኔት ሊያቋርጥ ይችላል።

4. የመረቡን ስምና የይለፍ ቃል ከነባሩ ጋር አንድ እናደርጋለን። እንዲህ ሲሆን ስልኩ ከሳሎን ወደ ሰርቪስ ሲሄድ በራሱ ወደ ቅርቡ ራውተር ሊሻገር ይችላል። የሚሻገርበትን ጊዜ የሚወስነው ግን ስልኩ ነው። አንዳንዱ ስልክ የሩቁን ራውተር ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል።

5. ቻናሉን ከነባሩ የተለየ እናደርጋለን። በ2.4 ጊጋኸርዝ የቻናሎቹ ማዕከል በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሚራራቅ፣ አንዱ ቻናል ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስለሚይዝ፣ ጎረቤት ቻናሎች ይደራረባሉ። የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ነባሩ በ1 ከሆነ ሁለተኛውን በ6 ወይም በ11 እናድርገው። በአየር ለሚያገናኝ ተራ ደጋሚ ግን ይህ አይሠራም፤ እርሱ ከነባሩ ጋር በአንድ ቻናል መሆን ግድ ይለዋል።

6. በመጨረሻ ገመዱን ከነባሩ ራውተር አንዱ የላን ቀዳዳ ወደ ሁለተኛው ራውተር የላን ቀዳዳ እንሰካለን። ዋን የተባለው የሁለተኛው ራውተር ቀዳዳ ባዶውን ይቀራል። ወደ ዋን ቢሰካ ኢንተርኔቱ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ራውተር ለራሱ የተለየ መረብ ስለሚፈጥር በሳሎን ያለው ማተሚያ ሰርቪስ ቤት ካለው ኮምፒዩተር ጋር ላይገናኝ ይችላል።

አንዳንድ ራውተሮች አክሰስ ፖይንት የሚል ምርጫ አላቸው። እርሱን መምረጥ ከላይ የተዘረዘሩትን አብዛኞቹን ሥራዎች በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። በዚህ ጊዜ የቀዳዳው አመራረጥ ሊለይ ስለሚችል የመሣሪያውን መመሪያ ማንበብ ይገባል።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

በሁለት ቤቶች መካከል በአየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ገመድ በክረምት የመብረቅ አደጋ አለው። መብረቅ ገመዱን በቀጥታ ባይመታው እንኳ በአቅራቢያው ሲወርድ የሚፈጥረው ፈጥኖ የሚለዋወጥ የማግኔት መስክ በገመዱ ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያስነሣል። ይህ የፋራዴይ ሕግ ነው። ስለዚህ ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ አድርጎ በመሬት ውስጥ መቅበር ይመረጣል፤ ነጎድጓድ ሲሰማም ከሁለቱም ጫፍ መንቀል አስተዋይነት ነው። በመስታወት ክር የሚሠራው ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ይህ ስጋት የለበትም። የኔትዎርክ ገመዱንም ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ማሳለፍ ለሕይወት አደገኛ ነውና ፈጽሞ አይደረግም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የምስጢር ጥበቃን ይመለከታል። መረቡ ሲሰፋ ከአጥር ውጭም ይሰፋል። ደብልዩኢፒ የተባለው አሮጌ የጥበቃ ዘዴ ሊሰበር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2001 በይፋ ታይቷል። አንዳንድ አሮጌ ራውተሮች በደጋሚነት ሲሠሩ የሚቀበሉት እርሱን ብቻ ስለሆነ እነርሱን ለዚህ አገልግሎት አለማዋል ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣው ደብልዩፒኤ2 ወይም ከእርሱ በኋላ የመጣው ደብልዩፒኤ3 መመረጥ አለበት። ከፋብሪካ የመጣውን የማስተካከያ ገጽ የይለፍ ቃልም በሁለቱም ራውተሮች ላይ መለወጥ ያስፈልጋል።

ለአንባቢያን የሚሆን ሙከራ

ከላይ ለግድግዳ የወሰድነው 10 ዴሲቤል የስሌት መነሻ ነው። የእያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ግን የየራሱ ቁጥር አለው፤ እርሱንም ያለ ምንም ውድ መሣሪያ መለካት ይቻላል። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ሲግናልን በዲቢኤም የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም መጫን ይቻላል። ከራውተሩ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሜትር ርቀት ላይ እየቆማችሁ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ስልኩን በጥቂቱ እያንቀሳቀሳችሁ 10 ጊዜ አንብቡና አማካዩን ያዙ። ማንቀሳቀሱ የሚያስፈልገው ከግድግዳ የተንጸባረቁ ሞገዶች በጥቂት ሳንቲ ሜትር ልዩነት እርስ በርስ ሊደጋገፉ ወይም ሊጠፋፉ ስለሚችሉ ነው። ከዚያም በአግድም የርቀቱን ሎጋሪዝም፣ በቁም ዲቢኤሙን አድርጋችሁ ግራፍ ሥሩ።

መንገዱ ባዶ ከሆነ ነጥቦቹ ቀጥተኛ መሥመር ሊሠሩ፣ በየእጥፉም 6 ዴሲቤል ገደማ ሊወርዱ ይገባል። በግድግዳ ወዲህና ወዲያ ተመሳሳይ ርቀት ላይ ያነበባችሁት ልዩነት ደግሞ የግድግዳው ድርሻ ነው። ቁጥሮቹን ከያዛችሁ በኋላ በራሳችሁ ግቢ ሲግናሉ ከ−65 ዲቢኤም በታች የሚወርድበትን ቦታ በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ደጋሚ ራውተር መቀመጥ ያለበት ከዚያ መስመር ወዲህ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለገመድ ማዋል ይሻላል። ይህን ልኬት ከግዢ በፊት ማድረግ የሚፈጀው የአንድ ከሰዓት ጊዜ ብቻ ነው።